ከመነሻ ቀለም በኋላ የሚታይ መጋጠሚያ
በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር




በእንዲህ ያለ መድረክ ላይ መሐንዲስ ሲናገር ብዙውን ጊዜ የሚያነሣው ስለ ግድብ፣ ስለ ድልድይ ወይም ስለ ሕንፃ መሠረት ነው። እኔ ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ግን ውፍረቱ ከሁለት ሚሊሜትር አይበልጥም። ይኸውም በጂፕሰም ቦርድ የተሠራ ግድግዳ መነሻ ቀለም ከተቀባ በኋላ ብቅ የሚለው የመጋጠሚያ ጉድለት ነው። ነገሩ ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል። ሆኖም ሕንፃ አጠናቅቆ ለርክክብ የቆመ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ባለቤቱ ዓምዱ የተሸከመውን ጭነት አያይም፤ ግድግዳውን ግን ያያል። የኮንክሪቱ የፈተና ውጤት በፋይል ውስጥ ተኝቶ ሳለ፣ ሁለት ሚሊሜትር የማትሞላ ጉብታ የሥራውን ሁሉ ስም ታጠፋለች። ከዚህም በላይ የአንድን ሠራተኛ የወር እንጀራ ልታሳጣ ትችላለች። ዛሬ ለመናገር የፈለግሁት ስለዚህች ጉብታ አመጣጥ፣ ስለ አጠጋገንዋና ስለ ተጠያቂዋ ነው።

በመጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአዲስ አበባ በአንድ የቢሮ ሕንፃ ሥራ ላይ የተቋራጩ የሳይት መሐንዲስ ነበርሁ። በሦስተኛው ፎቅ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚዘልቅ ረጅም መተላለፊያ ነበር፤ በምዕራቡ ጫፍ ከወለሉ እስከ ኮርኒሱ የሚደርስ መስኮት አለው። ግራና ቀኙ ግድግዳ ሦስት ሜትር ከፍታ ያለው የጂፕሰም ቦርድ ነው። የመጋጠሚያውን ሥራ በካሬ ሜትር ሒሳብ የያዙት ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የተጠጋ፣ ሁላችንም «ጋሼ» እያልን የምንጠራቸው ባለሙያ ነበሩ። መነሻ ቀለሙ በተቀባ ማግስት ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ወጥቼ ግድግዳውን አየሁት። ወተት የመሰለ፣ እንከን የሌለው ሆኖ ታየኝ። «በሉ፣ የመጨረሻው ቀለም ይቀጥል» ብዬ ቅጹ ላይ ፈረምሁ።

ጋሼ ቀረብ ብለው፣ «ኢንጂነር፣ ዛሬን ብቻ ይታገሡኝ። ፀሐይዋ ወደዚያ መስኮት ትዙርና ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ አብረን እንየው። እጄ ላይ የሚቆረቁረኝ ቦታ አለ» አሉኝ። እኔም፣ «ጋሼ፣ የርክክቡ ቀን ደርሷል፤ ቀለሙ ይሸፍነዋል» ብዬ መለስሁላቸው። ቀለም እንደማይሸፍነው አላውቅም ነበር ለማለት አልችልም፤ በዚያች ሰዓት ማወቅ አልፈለግሁም ነበር።

በዐሥረኛው ቀን ባለቤቱና አማካሪው ለርክክብ መጡ። ሌሎቹን ፎቆች ሲያዩ ውለው ወደ ሦስተኛው ፎቅ የደረሱት ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ነው። ፀሐይ በምዕራቡ መስኮት ትክክል ገብታ ነበር። ግድግዳው በየ1 ሜትር ከ20 ሴንቲሜትሩ ቀጥ ያለ የጥላ መስመር አውጥቶ የከሳ በሬ ጎድን መስሎ ቆመ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከግድግዳው ሥር ወደ ታች የሚያበሩት የኮርኒስ መብራቶች ሲበሩ ደግሞ በ2 ሜትር ከ40 ሴንቲሜትር ከፍታ ላይ መተላለፊያውን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ አግድም ጉብታ ታየ። ባለቤቱ፣ «ይህ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። እኔም በሰው ሁሉ ፊት ጣቴን ወደ ጋሼ ቀሰርሁ። ከሒሳባቸውም ተቀነሰ።

ወደዚህ ታሪክ ኋላ እመለስበታለሁ። አስቀድመን ግን በዚያ ግድግዳ ላይ የታየው ነገር ከምን እንደመጣ እንመርምር።

ቦርዱና መጋጠሚያው

ጂፕሰም በውስጡ ውኃ የቋጠረ የካልሲየም ሰልፌት ድንጋይ ነው። ከክብደቱ 21 በመቶ ያህሉ በኬሚካዊ ትስስር የተያዘ ውኃ ነው። በአገራችንም በዓባይ ሸለቆ በጎሐ ጽዮን አካባቢ ንጣፍ ሆኖ ይገኛል። ድንጋዩ ተፈጭቶ ወደ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ሲደርስ ከያዘው ውኃ ሦስት አራተኛው ይተናል፤ የሚቀረው ዱቄት ጄሶ የምንለው ነው። ጄሶ ውኃ ሲያገኝ ያጣውን መልሶ ይጠጣና እንደገና ድንጋይ ይሆናል። የቦርዱም አሠራር በዚሁ ጠባይ ላይ የተመሠረተ ነው። አሜሪካዊው ኦገስቲን ሳኬት እ.ኤ.አ. በ1894 ጄሶንና ወረቀትን አነባብሮ ለሠራው ሰሌዳ የፈጠራ መብት አገኘ፤ ዛሬ የምናውቀው በሁለት ወረቀት መካከል የተጋገረ ቦርድ ከዚያ ሐሳብ እየተሻሻለ የመጣ ነው።

የቦርዱ ጥቅም እርጥብ ልስንን ማስቀረቱ ነው። ለሳኙ በሳምንታት የሚጨርሰውንና ለመድረቅ ሌላ ሳምንታት የሚፈልገውን ሥራ፣ ቦርድ ገጣሚው በቀናት ያቆመዋል። ዳሩ ግን የለሳኙ ግድግዳ አንድ ወጥ ሲሆን የቦርዱ ግድግዳ ስፌት አለው። በተለምዶ የምንጠቀምበት ቦርድ 1 ሜትር ከ20 በ2 ሜትር ከ40፣ ውፍረቱም 12.5 ሚሊሜትር ነው። ረጃጅሞቹ ሁለት ጠርዞች ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ የሳሱ ናቸው። ሁለት ቦርዶች በረጅም ጠርዛቸው ሲገናኙ በመካከላቸው ጥልቀት የሌለው ቦይ ይፈጠራል፤ የመጋጠሚያው ወረቀትና ስቱኮው በዚያ ቦይ ውስጥ ስለሚተኙ ከቦርዱ ፊት ጋር እኩል ሊሆኑ ይችላሉ። አጫጭሮቹ ጠርዞች ግን ሙሉ ውፍረት ያላቸው ናቸው። በእነርሱ በኩል ጫፍ ለጫፍ ሲገጠም ቦይ ስለሌለ ወረቀቱና ስቱኮው ከግድግዳው ፊት በላይ ይቆለላሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ዓይነት መጋጠሚያ ጉድለቱ ብዙውን ጊዜ መጎድጎድ ሲሆን፣ የሁለተኛው ዓይነት ግን ማበጥ ነው። ሦስት ሜትር ከፍታ ባለው ግድግዳ ላይ ቦርዱ ቆሞ ሲገጠም 60 ሴንቲሜትር ቁራጭ ከላይ ይጨመርበታል። በዚያ መተላለፊያ በ2 ሜትር ከ40 ላይ ያየነው አግድም ጉብታ ከዚሁ የመጣ ነው።

መነሻ ቀለም ለምን ያጋልጣል?

ብዙ ሰዎች ጉድለቱን ያመጣው መነሻ ቀለሙ ይመስላቸዋል፤ ምክንያቱም ከመቀባቱ በፊት ግድግዳው ደኅና ይመስል ነበር። እውነቱ ይህ አይደለም። ያልተቀባ የቦርድ ግድግዳ ዝንጉርጉር ነው፤ የወረቀቱ ግራጫነት፣ የስቱኮው ነጭነትና የብሎኖቹ ቦታ ነጠብጣብ ዓይንን ይበትናሉ። ዓይን በቀለም ልዩነት በተጠመደ ጊዜ የቅርጽን ልዩነት አይለይም። መነሻ ቀለሙ ሁሉን አንድ ቀለም ሲያደርገው ለዓይን የሚቀርለት ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ቅርጹ ይናገራል።

ሁለተኛው ምክንያት የመምጠጥ ልዩነት ነው። ወረቀትና ስቱኮ ውኃን እኩል አይመጡም። የመጨረሻው ቀለም በቀጥታ ቢቀባባቸው በአንዱ ላይ ፈዞ፣ በሌላው ላይ አብረቅርቆ ስለሚደርቅ፣ ግድግዳው እጅግ የተስተካከለ ቢሆን እንኳ መጋጠሚያው እንደ ጥብጣብ ተለይቶ ይታያል። የመነሻ ቀለሙ ዋና ተግባር ይህን ልዩነት ማስወገድ ነው። እንግዲህ በግድግዳው ላይ ጥብጣብ ያየ መሐንዲስ አስቀድሞ መዳፉን ያሳርፍበት፤ ስታጃም ያስደግፍበት። እጅ የማያውቀው፣ ስታጃውም ክፍተት የማያሳይበት መስመር የመምጠጥ ጉድለት ነው፤ እርሱም በስቱኮ ሳይሆን በሌላ አንድ እጅ መነሻ ቀለም ይድናል። ይህን ሳይለዩ ስቱኮ ማንሣት ጤነኛውን ማሳመም ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ደግሞ ሠራተኛው በብርጭቆ ወረቀት ሲያለሰልስ ከስቱኮው ዳር አልፎ የቦርዱን ወረቀት በመፋቁ የሚመጣ ነው። የተፋቀው ወረቀት የቀለሙን ውኃ ሲጠጣ ጭረቱ እንደ ፀጉር ይቆማል።

ስለ ብርሃን ማዕዘን

ጋሼ ዐሥራ አንድ ሰዓትን ለምን እንደመረጡ ለመረዳት ጥቂት ሒሳብ ይበቃል። ብርሃን ግድግዳውን በ45 ዲግሪ ማዕዘን ሲመታ፣ 1 ሚሊሜትር ከፍታ ያላት ሹል ጉብታ የምትጥለው ጥላ 1 ሚሊሜትር ነው። ብርሃኑ ወደ 5 ዲግሪ ሲያዘነብል ጥላዋ 11 ሚሊሜትር፣ ወደ 3 ዲግሪ ሲያዘነብል ደግሞ 19 ሚሊሜትር ይሆናል። ጉብታዋ አልጨመረችም፤ ብርሃኑ ብቻ ተኛ። እኔ በቀትር የመረመርሁት በመተላለፊያው ውስጥ ከየአቅጣጫው ተንጸባርቆ በተበተነ ብርሃን ነበር። እንዲህ ያለው ብርሃን ጥላ የለውም።

ጥላ ባይኖርም እንኳ የድምቀት ልዩነት አለ። 2 ሚሊሜትር ያበጠውን መጋጠሚያ ከመሐሉ እስከ ዳሩ በ4 ሴንቲሜትር ብናወርደው ቁልቁለቱ ወደ 2.9 ዲግሪ ይሆናል። ብርሃን በ3 ዲግሪ ሲመጣበት፣ ወደ ብርሃኑ የዞረው ጎን ከቀሪው ግድግዳ ሁለት እጥፍ ገደማ ይደምቃል፤ ጀርባውን የሰጠው ጎን ግን ሊጨልም ምንም አይቀረውም። ያንኑ 2 ሚሊሜትር በ30 ሴንቲሜትር ብናወርደው ቁልቁለቱ 0.4 ዲግሪ አይሞላም፤ የድምቀቱም ልዩነት 13 በመቶ ያህል ብቻ ይሆናል። የጥገናው ሥራ ምሥጢር በዚህ ውስጥ ይገኛል። ያበጠ መጋጠሚያን ፍቆ ማጥፋት አይቻልም፤ ከብርሃኑ ማዕዘን እጅግ ያነሰ ቁልቁለት ሰጥቶ ማራቅ ግን ይቻላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ብርሃን ከእርሱ ጋር በአንድ አቅጣጫ የሚሄደውን መስመር ይደብቃል፤ የሚያቋርጠውን ያሳያል። የምዕራቡ ፀሐይ ቋሚዎቹን መስመሮች ሲያጋልጥ አግድሙን ጉብታ ሳያሳይ ቀርቷል። አግድሙን ያጋለጠው ከላይ ወደ ታች የበራው መብራት ነው። ስለሆነም በመብራት የሚመረምር ሰው አምፖሉን ወደ ግድግዳው አስጠግቶ አንድ ጊዜ ከጎን፣ አንድ ጊዜም ከላይ ሊያበራ ይገባዋል። ጉድለቱንም በእርሳስ ቀለል አድርጎ ያክብበው፤ ቀለም ያለው እስክርቢቶና ማርከር ግን በላዩ የሚቀባውን ቀለም ዘልቆ ስለሚወጣ አይጠቀምበት።

ሕመሙን ሳያውቁ መድኃኒት የለም

ጉድለቱ ከተከበበ በኋላ የሚቀጥለው ሥራ ዓይነቱን መለየት ነው። ሁሉም ጉድለት በአንድ ዓይነት ጥገና አይድንም።

አንደኛ፤ የጎደጎደ መጋጠሚያ። ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በመድረቅ የሚጠነክረው ስቱኮ ውኃውን ሲያጣ በመኮማተሩ ነው። የታችኛው እጅ ሳይደርቅ የላይኛው ከተጨመረ፣ ውስጡ እየቆየ ሲደርቅ ላዩን ይዞት ይወርዳል። ጥገናው ቀላል ነው፤ በ30 ሴንቲሜትር ስፓቱላ ስስ እጅ ይሞላል፣ እስኪደርቅ ይጠበቃል፣ በስታጃ ይፈተናል፣ ካስፈለገም ይደገማል።

ሁለተኛ፤ ያበጠ መጋጠሚያ። ይህን በብርጭቆ ወረቀት ለመናድ የሚሞክር ሰው በመጨረሻ የሚደርሰው ወረቀቱ ላይ ነው፤ ወረቀቱን ከፋቀ ደግሞ መጋጠሚያውን ያሰረውን ነገር ቆረጠ ማለት ነው። መሐሉን ሳይነኩ ግራና ቀኙን ከ25 እስከ 30 ሴንቲሜትር ድረስ እያሳሱ መሙላት ትክክለኛው መንገድ ነው። ጠቅላላ ስፋቱ ከግማሽ ሜትር በላይ መሆኑ ሊያስደንቀን አይገባም።

ሦስተኛ፤ ያኮረፈ ወረቀት። ከወረቀቱ በታች ስቱኮ ሳይበቃው ሲቀር ወረቀቱ ከቦርዱ ይለቅቅና አየር ይቋጥራል። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል፤ የእኛ ወረቀት ግን ከሥሩ ካላጠጡት ይለቅቃል። በላዩ ላይ ስቱኮ መደረብ አያድነውም። የለቀቀው ክፍል በስለት ተቆርጦ ይወጣል፣ ጉድጓዱ ይሞላል፣ አዲስ ወረቀት ይጣበቅበታል፣ ከዚያም እንደ አዲስ መጋጠሚያ እጅ በእጅ ይሠራል።

አራተኛ፤ ስንጥቅ። ስንጥቅ ስለ እንቅስቃሴ የሚናገር ምልክት ነው። ብሎኑ መላላቱን፣ የቦርዱ ጠርዝ ከኋላው የሚደግፈው ብረት አለመኖሩን፣ ወይም ውኃ መግባቱን ሳያጣሩ መድፈን ነገ የሚከፈት ቁስል መሸፈን ነው። ምክንያቱ ከተወገደ በኋላ በወረቀት ይታሰራል። በወረቀት ፈንታ የመስታወት ክር መረብ ከተመረጠ ደግሞ የመጀመሪያው እጅ በኬሚካዊ ለውጥ የሚጠነክረው ስቱኮ ይሁን፤ በመድረቅ ብቻ የሚጠነክረው ስቱኮ ከመረብ ጋር ሲሆን ለመሰንጠቅ ይቀናዋል።

አምስተኛ፤ ብቅ ያለ ብሎን። መልሶ ማጥበቅ ብቻ አይበቃም። ከእርሱ 4 ሴንቲሜትር ያህል ርቆ አዲስ ብሎን ቦርዱን ከብረቱ ጋር ያስራል፤ አሮጌው ይወጣል ወይም ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሁለቱም ቦታዎች በሦስት ስስ እጅ ይሞላሉ።

ስድስተኛ፤ ጭረት፣ የመርፌ ቀዳዳ የሚያህል የአየር ጉድጓድና የቆመ የወረቀት ፀጉር። ፀጉሩን ደጋግሞ መፋቅ ያብሰዋል። መነሻ ቀለም በስሱ ተቀብቶ እንዲጠነክር ይደረጋል፤ ከዚያ በጥብቅ በተጫነ ስፓቱላ ወረቀት ያህል የሳሳ ስቱኮ ይሳብበታል። ወረቀቱ ተቀድዶ ቡናማው ውስጡ ከታየ ደግሞ በመነሻ ቀለም ሳይታሸግ እርጥብ ስቱኮ አይነካው፤ ወዲያውኑ ይነፋል።

«ስቱኮ በተቀባ ቀለም ላይ ይይዛልን?» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይነሣል። ፈዛዛ በሆነ፣ በውኃ በተበጠበጠ መነሻ ቀለም ላይ አቧራው ከተጠረገ በደንብ ይይዛል። የሚያብረቀርቅ ወይም በዘይት የተሠራ ቀለም ከሆነ ግን አስቀድሞ በብርጭቆ ወረቀት ፈዝዞ ሊሻክር ይገባዋል። የተጠራጠረ ሰው በአንድ ጥግ ትንሽ ቀብቶ ያድርቅ፤ የሚያጣብቅ ፕላስተር ለጥፎም በኃይል ይንቀለው። ስቱኮው ተነቅሎ ከመጣ መልሱን አገኘ።

ጥገናው ሲያበቃ ሁለት ነገሮች እንዳይዘነጉ። የመጀመሪያው፣ የተጠገነው ቦታ ሁሉ እንደገና መነሻ ቀለም ይቀባ። አዲሱ ስቱኮ እንደ ደረቅ መሬት ቀለም ስለሚጠጣ፣ ይህ ከተዘለለ ቅርጹ ቢስተካከልም ነጠብጣቡ ይታያል። ሁለተኛው፣ የመጨረሻው ቀለም ከጥግ እስከ ጥግ ሙሉ ግድግዳ ላይ ይቀባ እንጂ በየቦታው አይነካካ።

ስለ መድረቅና ስለ አየር ጠባይ

በመድረቅ የሚጠነክረው ስቱኮ ለአንድ እጅ በአብዛኛው አንድ ሙሉ ቀን ይፈልጋል። በክረምት የአዲስ አበባ አየር እርጥበት በሚሸከምበትና ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት ወራት አንድ ቀን አይበቃውም። የመድረቁ ምልክት ሁለት ነው፤ ቀለሙ ከጠቆረበት ወጥ ነጭ ይሆናል፣ በእጅ ጀርባ ሲነካም አይቀዘቅዝም። የሚቀዘቅዝ ስቱኮ ውኃው ገና እየተነነ ነው። ጊዜ የሌለው ሰው በኬሚካዊ ለውጥ የሚጠነክረውን ዓይነት ለመጀመሪያዎቹ እጆች ቢጠቀም፣ እንደ ዓይነቱ ከ20 እስከ 90 ደቂቃ ውስጥ ስለሚጠነክርና መኮማተሩም አነስተኛ ስለሆነ ቀናት ያተርፋል። ይሁን እንጂ በብርጭቆ ወረቀት ለማለስለስ ስለሚያስቸግር የመጨረሻው እጅ ከሌላው ቢሆን ይመረጣል።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ሠራተኛው ጤና ሁለት ቃል መናገር ግዴታዬ ነው። ለማድረቅ ተብሎ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ማንደድ ፈጽሞ አይገባም፤ ከከሰል የሚወጣው ጋዝ ሽታም መልክም ሳይኖረው ይገድላል። የስቱኮ አቧራም ቢሆን ቀላል አይደለም። በውስጡ ሲሊካ ሊኖር ስለሚችል ለዓመታት የተነፈሰውን ሳንባ ይጎዳል። በእርጥብ ስፖንጅ ማለስለስ፣ መስኮት መክፈትና ተስማሚ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ መስጠት የአሠሪው ዕዳ እንጂ ችሮታ አይደለም።

ኃላፊነቱ የማን ነው?

በአሜሪካ የሙያ ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ1990 የጂፕሰም ቦርድን ሥራ ፍጻሜ ከ0 እስከ 5 በስድስት ደረጃ ከፍለው የጋራ ሰነድ አወጡ። በዚያ መሠረት 4ኛው ደረጃ ወረቀቱ ከተጣበቀ በኋላ በመጋጠሚያው ላይ ሁለት ተጨማሪ እጅ፣ በብሎኖቹ ላይ ሦስት እጅ ስቱኮ ይጠይቃል፤ ለፈዛዛ ቀለም ይበቃል። 5ኛው ደረጃ ደግሞ በግድግዳው ጠቅላላ ፊት ላይ ስስ ስቱኮ እንዲሳብ ያዝዛል፤ የሚያብረቀርቅ ቀለም ለሚቀባበትና ብርሃን ተኝቶ ለሚመጣበት ግድግዳ የሚታዘዘው ይህ ነው። ከዚህ የምንማረው ትልቅ ቁም ነገር አለ። የግድግዳ ጥራት በሠራተኛው ትጋት ብቻ የሚወሰን ሳይሆን በንድፍ ወቅት የሚመረጥ፣ ዋጋም የሚወጣለት ነገር ነው። በጫፉ ሰፊ መስኮት ያለበትን መተላለፊያ የነደፈ ሰው በዚያው ቀን ፍጻሜውንም ወስኗል፤ ወይም ሳይወስን ትቶ ዕዳውን ለስቱኮ ሠራተኛው አስተላልፏል።

ስለዚህ አራት ሐሳቦችን በትሕትና አቀርባለሁ። የፍጻሜው ደረጃ በየክፍሉ በውሉ ይጻፍ። የመጋጠሚያ ፍተሻ ክፍሉ ወደፊት በሚኖረው ብርሃን ይደረግ፤ ይህም ባይቻል ተኝቶ በሚበራ አምፖል ይሁን። ፍተሻው ባለሙያው በተገኘበት ይፈረም። ከሁሉም በላይ፣ ከመነሻ ቀለም በኋላ የሚደረገው እርማት ራሱን የቻለ የሥራ ደረጃ ሆኖ ቀንና ክፍያ ይያዝለት። የቱንም ያህል የተካነ እጅ ቢሆን በዝንጉርጉር ግድግዳ ላይ ሁሉን ሊያይ አይችልም። ዓይን ሊያየው የማይችለውን ባለማየቱ ሰውን መቅጣት ፍርድ አይደለም። ለእርማቱም ከዚያች ዕለት የሚረክስ ጊዜ የለም፤ የመጨረሻው ቀለም ከተቀባ በኋላ ቀለሙን ማፍዘዝ፣ መሙላት፣ መነሻ ቀለም መድገምና ግድግዳውን በሙሉ ዳግመኛ መቀባት ይከተላል።

አሁን ወደ ጀመርሁት ታሪክ ልመለስ። ከርክክቡ ማግስት ጀምሮ ግድግዳውን ያረሙት ራሳቸው ጋሼ ናቸው፤ አራት ቀን ያለ ክፍያ ሠሩ። በሁለተኛው ቀን ማታ ወደ ሦስተኛው ፎቅ ብወጣ በአንድ እጃቸው አምፖል፣ በሌላው ስፓቱላ ይዘው ሲቸገሩ አገኘኋቸው። ምንም ሳልናገር አምፖሉን ተቀበልኋቸውና ከጎን ያዝሁላቸው። እርሳቸውም ምንም አላሉም። በዚያ በተኛ ብርሃን ቋሚዎቹን መስመሮች አንድ በአንድ ሳያቸው የመጎድጎዳቸው ምክንያት ገባኝ። የመጋጠሚያው ሁለተኛ እጅ የታችኛው ሳይደርቅ በዚያው ቀን እንዲጨመር ያዘዝሁት፣ በሥራ መዝገቡም ላይ የጻፍሁት እኔው ነበርሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ለመሥሪያ ቤቴ ፊርማውም ትእዛዙም የእኔ እንደነበሩ ገልጬ ደብዳቤ ጻፍሁ። የተቀነሰው ገንዘብ ከሁለት ወር በኋላ ተከፈላቸው። ያን ጊዜ ግን ጋሼ ወደ ሌላ ሥራ ሄደው ነበር፤ ከእኛም ጋር ዳግመኛ አልሠሩም። ጣቴን የቀሰርሁት በሰው ፊት ነበር፤ ደብዳቤው ግን የተነበበው በቢሮ ውስጥ ነው። ይህን በብዙ ባልደረቦቼ ፊት ዛሬ የምናገረው ያንን ልዩነት በጥቂቱም ቢሆን ለማቃለል ነው።

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፤ ነገ በየሥራ ቦታችሁ መነሻ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ይጠብቃችኋል። ከመፈረማችሁ በፊት አምፖሉን አስተኝታችሁ ያዙ፤ ባለሙያውንም አጠገባችሁ አቁማችሁ ጠይቁ።